ቀዩ መስመር የተሻገረበት ዓመት

ጋሽ መስመር ነው የሚሉት። ፊት ለፊቱ ማንም አይደፍርም፤ ፊት ለፊት «ዋና ተመራማሪ» ነው። ዞር ሲል ግን ከዘበኛው እስከ ምክትል ዳይሬክተሩ ድረስ ያለው ሰው ሁሉ ጋሽ መስመር ይለዋል። እሱም ያውቃል። አያውቅም ብለው ሲንሾካሾኩ ማየት ደስ ስለሚለው ግን ዝም ይላቸዋል።

ስሙን ያተረፈለት ግድግዳው ነው። በምርምር ክፍሉ ውስጥ ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ አንዱ ከሌላው ጋር እየተጣበቀ የተዘረጋ የግራፍ ወረቀት አለ። ጥግ ጥጉ ቢጫ ሆኗል፣ በስተበሩ በኩል ደግሞ የሰው ትከሻ እያሸው አልቋል። በላዩ ላይ ሁለት መስመሮች ይሄዳሉ። ቀዩ የኛ ነው፣ ሰማያዊው የጎረቤት አገር። ሁለቱም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ የአገሩ የአክሲዮን ገበያ ምን ያህል ጥልቅ ነው የሚለውን። ለአዲስ ተቀጣሪ ሲያስረዳ ጣጣ አያበዛም። ገበያው ላይ ያሉት አክሲዮኖች ሁሉ ሲደመሩ ስንት ያወጣሉ? አገሪቱ ዓመቱን ሙሉ የምታመርተውስ? የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍል። ውጤቱ ትልቅ ከሆነ ገበያህ ጥልቅ ነው፤ ትንሽ ከሆነ ግን ኩሬ ነው፣ አንድ በሬ ጎንበስ ብሎ ሲጠጣ ይደፈርሳል። ይህን ብሎ የአዲሱን ተቀጣሪ ፊት ያያል፤ ያልሳቀውን ሰው አይወደውም።

በዓመት አንድ ቀን፣ የሁለቱ አገሮች ቁጥር ሲወጣ፣ የክፍሉ ሠራተኛ በሙሉ እጁን ከሥራ አንስቶ ግድግዳው ፊት ይቆማል። ጋሽ መስመር እርሳሶቹን ይቀርጻል፣ በማስመሪያ ይለካል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ከዚያም አንድ ሰማያዊና አንድ ቀይ ነጥብ ያኖራል። «ነጥብ መትከል» ይባላል። ይህን ኮምፒውተር ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ይሠራዋል ያለ አንድ ደፋር ወጣት ነበር፤ አሁን የሚሠራው ምድር ቤት፣ አቧራና መዝገብ መሃል ነው።

እስከ ዘንድሮ ድረስ ቀዩ ሰማያዊውን አልፎት አያውቅም። ጋሽ መስመር ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ይወጣል። ዘንድሮ የሚተክለው ነጥብ የመጨረሻው ነው።

በጎረቤት አገር ይህንኑ ሥራ የሚሠራ አንድ ሰው አለ። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም «ባላንጣው» ይለዋል፤ ጋሽ መስመር ራሱም ሌላ ስም እንዳለው የረሳ ይመስላል። ሁለቱም ወጣት ሳሉ በአንድ ጉባኤ ላይ ተገናኙ። ባላንጣው መድረክ ላይ ወጥቶ፣ የነዚህን ሰዎች ገበያ ጥልቀት ለመለካት ማስመሪያ አያስፈልግም፣ የክብሪት እንጨት ይበቃል አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ መስመር ደሙ ፈላ። ብድግ ብሎ፣ ቀዩ ሰማያዊውን ያለፈ ዕለት ቢሮዬ ድረስ መጥተህ ነጥቡን በገዛ እጅህ ትተክላታለህ አለው። ባላንጣውም እመጣለሁ አለ፤ ያኔ ግን ሁለታችንም በሕይወት አንኖርም ብሎ ሁለተኛ አሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዓመቱ ነጥብ በተተከለ ማግስት ይጻጻፋሉ፤ ደብዳቤ የሚባለው ለወጉ ነው እንጂ ስድብ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ጋሽ መስመር በደንብ አድርጎ መታው። በዚያ ዓመት በጎረቤት አገር የዋጋ ንረት እሳት ሆኖ ነበር፤ ሰማያዊው መስመርም ድንገት ሽቅብ ተተኮሰ። ባላንጣው በየጋዜጣው ወጥቶ ገበያችን ጠለቀ እያለ ፎከረ። ሊሾም ነው ይባል ነበር። ጋሽ መስመር ግን ነገሩ ሸተተው። አክሲዮኖቹ የተተመኑት በዓመቱ ማብቂያ፣ ሁሉ ነገር ከተወደደ በኋላ ነው፤ ምርቱ ግን የተተመነው ዓመቱን ሙሉ በነበረው ዋጋ፣ ርካሹም ውዱም ተቀላቅሎ ነው። ገበያው አላደገም፣ ዋጋው ነው ያደገው። ይህንን የሚያርም አጭር መመሪያ ጻፈ፤ መጨረሻዋ ላይም «ያበጠ ሁሉ አልወፈረም» የምትል ዓረፍተ ነገር አስቀመጠ። በሁለቱም አገር ያልሳቀ ሰው የለም። ባላንጣው ሹመቱ ቀረበት። ጋሽ መስመር ያን ሰማያዊ ነጥብ በላጲስ ፍቆ ዝቅ አድርጎ ተከለው፤ የተፋቀው ቦታ እስከ ዛሬ ሳስቶ ይታያል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስጎበኘው እሱን ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አንድ ልጁ ለሥልጠና ጎረቤት አገር ሄዶ፣ የሥልጠናውን የምስክር ወረቀትና የባላንጣውን ሴት ልጅ ይዞ ተመለሰ። ጋሽ መስመር ሠርጉ ላይ እንደ ለቀስተኛ ተቀመጠ። ባላንጣውም ከማዶ እንደዚያው ነበር። ሁለቱ ሰዎች አማቾች ከሆኑ በኋላ በደብዳቤያቸው «አንተ» መባባልን ትተው «እርስዎ» መባባል ጀመሩ። ቤተሰቡ መከባበር መጣ ብሎ ተደሰተ። መከባበር አልነበረም፤ «እርስዎ» ሲባል ስድቡ ይበልጥ እንደሚያቆስል ሁለቱም ስለደረሱበት ነው።

ምራቱ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ የምታስተምረውም ይህንኑ የገበያ ነገር ነው። ቁጥር ታውቃለች፣ ዝም ማለትም ታውቃለች፤ ለጋሽ መስመር ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። እሁድ እሁድ ልጁ ቤት ምሳ ይበላል። ምራቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሳለ ልጁን «ሚስትህን ጨው አንሶታል በላት» ይለዋል። ልጁም አንገቱን ደፍቶ «ጨው አንሶታል» ይላታል። እሷም ጨው ታቀብላለች፣ ለባሏ። የልጅ ልጁ ይህን ሁሉ እያየች ነው አፏን የፈታችው።

ዘንድሮ ታዲያ በኛ አገር ዋጋ አበደ። የዘይቱ፣ የኪራዩ፣ የታክሲው ዋጋ ዓመት ሳይሞላ እጥፍ ሆነ። ሰው ገንዘቡ እጁ ላይ እንዳይሟሟበት ፈርቶ አክሲዮን ላይ ተረባረበ፤ የአክሲዮን ገበያውም ጣራ ነካ። ቁጥሩ ሲመጣ ጋሽ መስመር በሩን ዘግቶ አካፈለው፣ ደግሞ አካፈለው። ቀዩ ከመቶ ስልሳ አንድ፣ ሰማያዊው ሃምሳ ሰባት። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለና ለረጅም ጊዜ ግድግዳውን አየ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለ ደስታ አግኝቶ አያውቅም። ማንም አላየውም እንጂ አልቅሷል።

ስልክ አንስቶ ለባላንጣው ደወለ። እንዲህ ያለው ነገር በደብዳቤ አይነገርም። ቀኑን፣ ሰዓቱን ነገረው። ክርክር ጠብቆ ነበር፤ ይህ ሰው በሦስተኛዋ ዴሲማል የተነሳ አራት ገጽ ጽፎለት ያውቃል። ባላንጣው ግን እንኳን ደስ አለዎት፣ ቃል ቃል ነው፣ እመጣለሁ አለ። ጋሽ መስመር ስልኩን ሲዘጋ ሽማግሌው እጅ ሰጠ ብሎ አሰበ። ለዳይሬክተሩ ነገረ፤ ዳይሬክተሩ ለጋዜጠኞች ነገረ፤ ክፍሉ ቀለም ተቀባ፣ የግራፉ ግድግዳ ሲቀር።

የዚያን ሳምንት እሁድ ምሳ ላይ የሚያወራው ሌላ ነገር አልነበረውም። ለልጁ አወራ፣ ለልጅ ልጁ አወራ፣ ለሾርባውም ቢሆን አውርቷል። ሰሃን ተነስቶ የልጅ ልጁ ልትጫወት ስትወጣ ምራቱ እጇን አድርቃ ተቀመጠች። በባሏ በኩል ሳይሆን ቀጥታ ወደ እሱ ዞራ፣ የቀዩን ሲያሰሉ የዋጋውን ንረት አርመውታል ወይ ስትል ጠየቀችው።

ጋሽ መስመር ወደ ልጁ ዞረ። «ሚስትህን በላት፣ ቀዩ ታርሞ አያውቅም። አያስፈልገውም።»

እውነቱን ነው፣ ታርሞ አያውቅም። መመሪያውን የጻፈው ለሰማያዊው ነበር፤ በየዓመቱ ሰማያዊውን በዚያ ሕግ ያርማል፤ ቀዩን ግን እንዳለ ያስቀምጠዋል። እዚህ አገር ዋጋ ረግቶ የኖረባቸው ዓመታት ብዙ ስለነበሩ ቢታረምም ባይታረምም ለውጥ አልነበረውም። ከጊዜ ብዛት ለኛ አያስፈልግም የሚለው ነገር ከሕጉ ጋር አብሮ የተጻፈ እስኪመስል ድረስ ተለመደ።

«ዘንድሮ ያስፈልገዋል» አለች ምራቱ። «ቤትዎን በዛሬ ዋጋ ተምነው ዓመቱን ሙሉ በተቀበሉት ደመወዝ ቢያካፍሉት ቤቱ የሰፋ ይመስላል። ቤቱ ግን ያው ቤት ነው። አባባ፣ ያንን ነጥብ አይትከሉት።»

«አባባ» ስትለው የደም ሥሩ ተገታተረ። ልጁን መሃል ማስገባቱን ተወውና እሷኑ አያት።

«አባትሽ ነው የላከሽ።»

«አባቴ ይህንን እንደነገርኩዎት ቢሰማ ደጁን ሁለተኛ አያስረግጠኝም» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እሱ እንዲተከል ነው የሚፈልገው። የእርስዎን መመሪያ ከራስጌው ለይቶት አያውቅም። ሁለታችሁም የልጄ አያቶች ናችሁ፣ አንዳችሁ ሌላውን በአደባባይ ስታዋርዱ ማየት ሰልችቶኛል።»

ጋሽ መስመር ሳቀ፤ የሚያስፈራ ሳቅ ነበር። ሽማግሌው መሸነፉን ሲያውቅ ልጁን ላከብኝ አለ። እዚህ ቤት ከገባሽ ጀምሮ ይህችን ቀን ስጠብቃት ነበር አለ። የማን ልጅ እንደሆንሽ እኔም አልረሳሁም፣ አንቺም አልረሳሽም አለ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ነውና ልጁ የጠረጴዛውን ልብስ እያሻሸ ቀረ። ምራቱ የቀሩትን ብርጭቆዎች ሰብስባ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ሲወጣም አልተሰናበተችውም።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሲገባ የስሌቱ ማህደር ጠረጴዛው ላይ ነበር። ማረሙ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ማህደሩን አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ማክሰኞም አላወጣውም። ነገሯን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏታል፤ ለራሱ የነገረው እንደዚያ ነው። ባለሙያ ሰው የገዛ ማህደሩን ላለመክፈት ያለው ምክንያት ግን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ፍርሃት ነው።

ቀኑ ደረሰ። ክፍሉ ውስጥ መቆሚያ ጠፋ። ዳይሬክተሩ ከፊት ነው፤ ሁለት ጋዜጠኞች አሉ፤ ምድር ቤት የተጣለው ወጣት ሳይቀር መጥቶ በሩ ጋ ቆሟል። ልጁና ምራቱ ከመስኮቱ አጠገብ ናቸው። ባላንጣው በከዘራ እየተደገፈ ገባ። አርጅቷል፤ ኮቱ ሰፍቶታል። ከአገሩ ያመጣው አንድ ፎቶ አንሺ ደግሞ ከኋላው አለ። ጋሽ መስመር ፎቶ አንሺውን ሲያይ ትንሽ ገረመው። ተሸንፎ የሚሄድ ሰው ፎቶ አንሺ ይዞ ይሄዳል?

ዳይሬክተሩ ንግግር አደረገ። ጥልቀት የሚለውን ቃል እስኪሰለች ድረስ ደጋገመው። ከዚያ ጋሽ መስመር ሰማያዊውን ነጥብ ራሱ ተከለ። ቀዩን እርሳስ ቀርጾ፣ እፍ ብሎ፣ ለባላንጣው ሰጠው። የስሌቱን ማህደርም አብሮ ዘረጋለት፤ ወጉ እንደዚያ ነው፤ ወጉ ባይኖርም ይህ ሰው ስሌት ሳያይ ነጥብ አይነካም።

ባላንጣው ማህደሩን በእጁ ገፋ አደረገው።

«ምን ያደርግልኛል?» አለ። «አምንዎታለሁ።»

ጋሽ መስመር ባለበት ደርቆ ቀረ። ይህ ሰው ሰማይ ሰማያዊ ነው ቢባል ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንዲት ቁጥሩን አምኖት አያውቅም፤ ዛሬ፣ በሚዋረድበት ቀን፣ አመነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። ዞር ብሎ ምራቱን ፈለጋት። እሷ እሱንም አባቷንም አላየችም፤ ከግድግዳው ላይ ያችን የተፋቀች፣ የሳሳች ቦታ ነበር የምታየው።

ያኔ ስሌቱ ራሱ መጣለት፤ ማህደርም አላስፈለገው። ዋጋው በዓመት እጥፍ ሆኗል፤ እንግዲያው የማብቂያው ዋጋ ከዓመቱ አማካይ በብዙ ይበልጣል። ስልሳ አንዱ ሲታረም አርባ አራት ነው። ከአርባ አራት አይበልጥም። ነገ ጠዋት በጎረቤት አገር ጋዜጣ ላይ፣ ከዚህ ፎቶ ሥር፣ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አንድ በአንድ ታየው፤ «ያበጠ ሁሉ አልወፈረም» የሚለው የራሱ ቃል ነው። ዝም ቢል ዛሬን ድል አድርጎ ይውላል፤ ቢናገር ደግሞ ቀዩ ከላይ ሆኖ ሳያየው ጡረታ መውጣቱ ነው። ሁለቱም መራራ ነበሩ። የዛሬውን ድል ከጠላቱ እጅ መቀበል ግን ይበልጥ መረረው።

ባላንጣው እርሳሱን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። ጋሽ መስመር እጁን ያዘው።

«እርሳሱን ይስጡኝ» አለ።

«እንዴት ይሆናል? ቃል ገብቻለሁ እኮ» አለ ባላንጣው፤ አልለቀቀም። ሁለት ሽማግሌዎች አንዲት እርሳስ ግራና ቀኝ ይዘው ተጓተቱ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። በመጨረሻ ጋሽ መስመር ነጠቀው፣ ማስመሪያውን አንስቶ ለካ፣ ከሰማያዊው በታች፣ በብዙ በታች፣ አምና ከነበረው ፈቅ ባላለ ቦታ ላይ ቀዩን ነጥብ ተከለ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ ለሰማያዊው ያወጣሁትን ሕግ ለቀዩ ሳልሠራበት ኖሬያለሁ፣ ስህተቱ የኔ ነው፣ ቀዩ አላለፈም አለ። የዳይሬክተሩ ፊት አመድ ለበሰ። ጋዜጠኞቹ ምን እንደሚጽፉ ጨንቋቸው እርስ በርስ ተያዩ።

ባላንጣው ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያየው። እንዲህ ተዘጋጅቶ የመጣበት ነገር እጁ ላይ ሞተ። ከዘራውን ተደግፎ ቀና አለና ፊቱን ቀስ ብሎ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሴት ልጁ መለሰ።

«ማን ነገረህ?» አለ። «እርስዎ»ው ተረስቷል። «ማን ነው የነገረህ?»

ምራቱ ከንፈሯን ነከሰች። ባሏ እንደ ልማዱ ጫማውን አየ።

«ማን ይነግረኛል?» አለ ጋሽ መስመር፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «እኔው ነኝ ያገኘሁት። ሕጉን የጻፈው ማን ሆነና?»

«አንተ? አንተ በራስህ ላይ ስህተት አግኝተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም። ዛሬ ጀመርኩ። ላንተ ይብላኝ፣ ካገርህ ድረስ ፎቶ አንሺ ጭነህ መጥተህ ባዶህን የምትመለሰው።»

ባላንጣው አየው። ከዚያ ሴት ልጁን አየ፤ እንደገና እሱን አየ። አመነ፤ ይህን ያህል ትዕቢተኛ ሰው ተነግሮኝ ነው ከማለት የሌላን ሰው ሥራ የራሴ ነው ማለትን እንደሚመርጥ ግን አላሰበም። ምራቁን ሊተፋ ምንም አልቀረው፤ ዳይሬክተሩን አይቶ ዋጠውና እያነከሰ ወጣ። ሰዉም እየተንሾካሾከ ተበተነ። ምድር ቤት የተጣለው ወጣት ብቻ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ አዲሷን ነጥብ አየና ወጣ።

ደረጃው ላይ ምራቱ ደረሰችበት። ባሏን አስቀድማዋለች። ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነበር፤ አንድ ደረጃ ከበላዩ ቆመች። ፊቷ ላይ ምስጋና አልነበረም፤ ከቁጣም ሩቅ አልነበረም።

«ሥራዬን ሰረቁኝ፣ አባባ» አለች።

«ሰረቅሁሽ» አለ። ልጁ አጠገቡ ስላልነበረ በቀጥታ ነው የተናገራት። «አሁን ሂጂና አባትሽን ምሳ አብይው። ብቻውን ሆኖ ከተናደደ ያመዋል።»

ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደች፤ እሱም ከደረጃው መስኮት አየ። ባላንጣው ደጅ በቆመችው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከዘራውን ጉልበቱ መሃል አቁሟል። ልጁ ስትመጣ ሲያይ ጠጋ አለና የመኪናውን በር ከውስጥ ከፈተላት።